ከሰኞ ቀጥሎ ላለው ቀን የተያዘ ቀጠሮ

ለክቡር የወረዳችን የዲጂታል አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሁለት እጆቼን አጋጥሜ፣ የሳሪዬን ጫፍ እስከ አፍንጫዬ ጎትቼ፣ ለማዕረግዎ የሚገባውን ሰላምታ አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ሆድዎ፣ ከሆድዎ በታች ያለውስ ሁሉ ደህና ነውን? መልሱን እንዲነግሩኝ አላስቸግርዎትም፤ በተለይ ጎረቤቶችዎ ካርታ በሚጫወቱበት ቦታ ቆመው፣ ፊትዎን ገልጠው፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው፣ በአጭርና በግልጽ ቃል እንዲነግሩኝ ፈጽሞ አልጠይቅም። እንዲህ አድርጎ የሰው ጤና መጠየቅ ለጽሕፈት ቤትዎ የተሰጠ ሥልጣን ነው፤ እኔ የኢምሊያ መንደር ሴት ነኝና አቅሜን አውቃለሁ።

ማን እንደሆንኩ ላስተዋውቅዎ። በመንደሩ የቢንዱ እናት እባላለሁ። ቢንዱ ራሷ ተድራ ሌላ መንደር ከሄደች ቆየች፤ ስሟ ግን እኔ ላይ ቀርቷል። ባሌ የቢንዱ አባት ነው። ሱራት ከተማ በአንድ የጨርቅ ፋብሪካ ማሽን ላይ ቆሞ ይሠራል፤ ለዲዋሊ በዓል ይመጣል፣ ይሄዳል። ስሙን በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አልጽፈውም። እኛ ዘንድ ሚስት የባሏን ስም አትጠራም፤ የጠራች እንደሆነ ዕድሜው ያጥራል ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት ሞክሬ አላውቅም፣ በሰው ዕድሜ ሙከራ አይደረግምና። የእኔን ነገር የሚያብሰው ደግሞ አማቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ልጇን በተወለደበት ቀን ስም መጥራቷ ነው። የባሌ ስም ከሰኞ ቀጥሎ የሚመጣው ቀን ስም ነው። ስለዚህ ከተዳርኩ ወዲህ የቀኑንም ስም ጠርቼ አላውቅም፤ ሌላው ሰው ሰባት ቀን ሲኖረው እኔ ስድስት ቀንና አንድ የሰኞ ማግስት ነው ያለኝ። ይኸው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ማንንም አልጎዳም ነበር።

ሕመሜን በወረቀት ላይ ማስፈር ያሳፍረኛል። ነገር ግን መንደሩ በሙሉ ሰምቶት እርስዎ ብቻ ሳይሰሙት ቢቀሩ አድልዎ ይሆንብኛል። ማህፀኔ ወርዷል። ከቢንዱ ወሊድ ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ሲወርድ ኖሮ፣ አሁን ባልዲ ሳነሳ፣ ጎንበስ ብዬ ስንዴ ሳጭድ፣ አንዳንዴም ሳስነጥስ እንኳ በእጄ ደግፌው ነው። በጨርቅ እያሰርኩ፣ ቀስ እያልኩ እየሄድኩ፣ ለሚጠይቀኝ ወገቤን ነው እያልኩ ኖርኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ለሌሎች ሴቶች ስተርት የኖርኩት እኔው ነኝ። ለባሌም አልነገርኩትም። እንዴት ብዬ ልንገረው? በዓመት አንድ ጊዜ ለሚመጣ ሰው፣ ገና ሻንጣውን ሳያወርድ?

በመጨረሻ ደም ማየት ስጀምር ጎረቤቴን ሱኪያን አስከትዬ የወረዳው ሆስፒታል ሄድኩ። የሴቶቹ ሐኪም የምትመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው። የትኛው ቀን እንደሆነ መቼም ገምተዋል። ቀድሞ ሴት በጠዋት ሄዳ ትሰለፍ፣ መስኮቷ ውስጥ ላለችው ጸሐፊ በጆሮዋ ሹክ ትልና ወረቀቷን ይዛ ትገባ ነበር። አሁን መስኮቱ ተዘግቷል፤ በላዩ ላይ ስልክ ጆሮዋ ላይ ይዛ የምትስቅ ሴት ሥዕል ተለጥፏል። ከሥሯ ‘ቀጠሮ በድምፅ አገልግሎት ብቻ፤ ለሴቶች ምቾት ሲባል’ ይላል። ሱኪያ ሥዕሉን ትኩር ብላ አየችና፣ “ይቺ የምትስቀው ሕመሟ ምን ቢሆን ነው?” አለችኝ።

እንግዲህ ለዚህ ሁሉ ምቾት ምስጋናዬን በቁጥር በቁጥር አድርጌ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ኔትወርኩ። ማማውን ስላቆሙልን ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ። ቤቴ ውስጥ ስልኩ ይጠራል፣ ሦስት አራት ቃል ያናግርና ይቆረጣል፤ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሳይቆረጥ የሚያናግረው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፣ በመንደሩ መካከል ባለው ትልቁ የፒፓል ዛፍ ሥር፣ በድንጋዩ መደብ ላይ። ያ መደብ የወንዶች ነው። ማንም ሕግ አላወጣበትም፣ ሰሌዳም አልተሰቀለበትም፤ ብቻ ሴት በዚያ ስታልፍ ፊቷን ሸፍና፣ አምባሯ እንዳይንኳኳ በሌላው እጇ ይዛ፣ ጥግ ጥጉን ነው። እናቶቻችንም እንደዚሁ ነበሩ። ማስታወቂያዎ ‘አገልግሎቱ እቤትዎ ደጃፍ ድረስ’ የሚለው የማንን ደጃፍ እንደሆነ ያን ቀን ነው የገባኝ።

መደቡ ላይ ከጠዋት ጀምሮ የሚውለው ሃርናራያን ነው። በዕድሜ ከባሌ ስለሚያንስ በደንባችን ከታላቁ ሚስት ጋር መቀለድ ይፈቀድለታል፤ እሱም ይህን ፈቃድ አባክኖት አያውቅም።

“እትዬ፣ ምነው በደህና? መንገድ ጠፋሽ እንዴ?” አለኝ ካርታውን ሳያወርድ።

“ኔትወርክ ፍለጋ ነው” አልኩት።

“ኔትወርክማ እኛ ዘንድ ነው። ነይ ተቀመጪ፣ ካርታም እንሰጥሻለን።”

ወንዶቹ ሳቁ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ፊቴን ወደ ዛፉ ግንድ አዞርኩ። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የቢሮዎን አገልግሎት የጀመርኩት ከዛፍ ጋር እየተነጋገርኩ ነው፤ ዛፉ ግን ባለጌ አልነበረም።

ሁለተኛ፤ ስለ ዲዲ። ስልኩን የምታነሳው ማሽን ራሷን ዲዲ ብላ ታስተዋውቃለች፤ በእኛ ቋንቋ ታላቅ እኅት ማለት ነው። ድምጿ ማር ነው፣ ይህን አልክድም። “እኔ ዲዲ ነኝ። ለሴቶች ምቾት ተዘጋጅቻለሁ። እባክዎ ይናገሩ” አለችኝ። ተናገርኩ። “ድምፅዎ አልተሰማም። እባክዎ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ።” ጨመር አደረግኩ። “እባክዎ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ።” እኛ የሴት ልጅ ድምፅ ከአጥሯ አይለፍ እየተባልን ያደግን ነን፤ ጮክ ብላ የምትናገር ሙሽራ አስተዳደግ የጎደላት ተብላ ለእናቷ ስድብ ይላካል። ይህን ሁሉ ዓመት ድምፄን ዝቅ ማድረግ ተምሬ ጥሩ ሴት ከተባልኩ በኋላ፣ ታላቅ እኅቴ በሽተኛ ለመሆን ጩኸት ያስፈልጋል አለችኝ። ጨርቁ ነው የሚያፍነው ብላ አብራኝ የመጣችው ሱኪያ መከረችኝና መሸፈኛዬን ከአፌ ላይ ገለጥኩት። በመደቡ ላይ አፌ የታየው ያን ጊዜ ነው። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

ሦስተኛ፤ ስለ ስሙ። እዚህ ላይ ትንሽ እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

ዲዲ “የመስመሩን ባለቤት ስም ይናገሩ” አለች። መስመሩ የባሌ ነው፤ መታወቂያው የእሱ፣ ቁጥሩ የእሱ፣ እኔ የምሞላው ባትሪውን ብቻ ነው።

“የቢንዱ አባት” አልኩ።

“በዚህ ስም የተመዘገበ ባለቤት አልተገኘም።”

“ሱራት ያለው” አልኩ።

“ሱራት ከአገልግሎት ክልላችን ውጭ ነው።”

“ከሰኞ ቀጥሎ ያለው” አልኩ፣ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ።

“ለሰኞ የዓይን ክፍል ቀጠሮ ልያዝልዎ?”

ከኋላዬ የካርታው ጨዋታ ቆሞ ነበር። ሃርናራያን ጉሮሮውን ጠራረገ። “እትዬ፣ እኔ ትምህርቴን ቶሎ ስላቋረጥኩ ነው፤ ከሰኞ ቀጥሎ ምን ይመጣል?”

“ሥራ ይመጣል” አልኩት ዛፉን እያየሁ። “መደብ ላይ ለሚውል ሰው ግን ሁሉም ቀን እሑድ ነው።”

ለዚህ ዓይነቱ ችግር እኛ ዘንድ የቆየ መላ አለው። የሕዝብ ቆጣሪም ይምጣ የምርጫ መዝጋቢ፣ የባልሽ ስም ማነው ሲልሽ አጠገብሽ ያለችው ሴት ትመልስልሻለች፤ አንቺም የእሷን ትመልሺላታለሽ። ማንም ዕድሜው አያጥርም፣ መዝገቡም ይሞላል። ሱኪያን ይዤ የሄድኩትም ለዚሁ ነው። ስልኩን ከእጄ ወስዳ የባሌን ስም በረጅሙ ጠራችልኝ።

ዲዲም፣ “የተናጋሪዋ ድምፅ ተለውጧል። ለደኅንነትዎ ሲባል ጥሪው ይቋረጣል” ብላ ዘጋችው።

ሱኪያ ስልኩን እንደ ጋለ ምጣድ መለሰችልኝ። “ምን አደረግኋት? ሌባ አደረገችኝ እኮ። ለሰው ባል በነፃ መጮኼ አነሰኝ።”

እንደገና ደወልኩ። ዲዲ ስሙን እንደገና ጠየቀች። ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ይጠብቃሉ፤ ከፊቴ ዛፉ ይጠብቃል፤ ከታች ጨርቄ እየራሰ ነው። ልመለስ አልኩ፤ ከተመለስኩ ግን ወደ ምንድን ነው የምመለሰው? ዓይኔን ጨፍኜ ጠራሁት።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ የባል ስም ጠርተው ስለማያውቁ ሊፈርዱብኝ አይችሉም። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ባሌ ራሱ ልብሱን ሳይለብስ ከቤት የወጣ መሰለኝ። በውስጤም ‘ይኸው ቀነስኩበት፣ ከዕድሜው ቆረጥኩበት’ አልኩ። ዲዲ ግን ደስ አላት። “ያንን ቀን መርጠዋል” አለችኝ። የሰውዬውን ስም ቀን ነው ብላ ሰምታው። “ቀን ከመምረጥዎ በፊት እባክዎ የባለቤቱን ስም ይናገሩ።” ስለዚህ ደገምኩት። “እባክዎ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ።” ሠለስኩት። ስንት ዓመት የቆጠብኩትን በአንድ ጥሪ ጨረስኩት። ያኔ ዲዲ በዚያ በማር ድምጿ፣ “እናመሰግናለን፣ አቶ” ብላ፣ ያንን ስም ከነአባቱ፣ እኔ ያልነገርኳትን ጨምራ፣ ጥርት አድርጋ ጠራችው። ለካ ስሙ ከመጀመሪያው እሷ ዘንድ ነበረ። ታውቀው ኖሯል፤ የፈለገችው ከእኔ አፍ መስማት ነው። ከእንግዲህ ባሌ ራስ ምታት ቢይዘው እንኳ ተጠያቂው ማን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አራተኛ፤ ስለ ሕመሙ። “የሕመምዎን ዓይነት በአጭርና በግልጽ ይናገሩ” አለች።

እኛ ሴቶች ይህን ነገር እርስ በርሳችን የምንጠራበት አጠራር አለን፤ ሰውነቴ ወርዷል እንላለን፣ ሰሚዋም ይገባታል። እንዲያው አልኩ። ዲዲ ስለ ክብደት መቀነስ የምጠይቅ መስሏት ወተትና ጥራጥሬ እንዳዘወትር መከረችኝ። የሴት ነገር ነው አልኩ። “የሴቶች ክፍል። እባክዎ የሕመምዎን ዓይነት በግልጽ ይናገሩ።” ሱኪያ ክንዴን ያዘችኝ። ግልጹን ቃል ለሴት ልጄ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

ተናገርኩት። ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ አለችኝ፤ ከፍ አድርጌ ተናገርኩት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ቃሉ ከዛፉ ግንድ ጋር ተጋጭቶ በትከሻዬ ላይ ወደ መደቡ ሲያልፍ ይሰማኝ ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻል ነበር። ሃርናራያን ካርታውን ሰበሰበና፣ “እስቲ ውኃ ልጠጣ” ብሎ ተነሥቶ ሄደ፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ መደቡ ላይ ሴቶች ብቻ ቆምን፤ እኔ ግን አልተቀመጥኩበትም። ከዚያ ወዲህ ሃርናራያን አይቀልድብኝም። በመንገድ ሲያየኝ ዓይኑን ይሰብራል፣ “ደህና ነሽ እትዬ” ይልና ያልፋል። የቀልዱ መቅረት ከቀልዱ ይበልጥ አሳፈረኝ፤ ባየኝ ቁጥር ምን እንደሚያስብ አውቃለሁና።

ይህንንም በምስጋናው ላይ ልጨምር። ከሁለት ቀን በኋላ የሃርናራያን ሚስት በጓሮ በር መጣች። ጥቂት ስለ ጎመን አወራችኝ፤ ከዚያ ወደ መሬት እያየች፣ “ያንን ቃል ካልሽው በኋላ፣ ቀጥላ ምን ብላ ነው የምትጠይቀው?” አለችኝ። እኔን ብቻ የያዘኝ ሕመም ይመስለኝ ነበር።

አምስተኛ፤ ስለ ማረጋገጫው መልእክት። ሁለቱም ቁጥሮች፣ የእኔ የምለውም ባሌ ሱራት የያዘውም፣ በእሱ ስም ናቸው፤ ዲዲም ማረጋገጫ የምትልከው ወደ ዋናው ቁጥር ነው። ባሌ ማንበብ አይችልም። የሚኖረው ከእኛው አገር ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ በተራ እየተኙ ነው። መልእክት ሲመጣለት ላካን የሚባል ጓደኛው ነው የሚያነብለት፤ ላካን ደግሞ ዝቅ አድርጎ ማንበብ አልተማረም። እንዲህ ሲል አነበበው፦ ‘ክቡር አቶ’፣ ስሙ ከነአባቱ፣ ‘የወረደ ማህፀንዎን ለማስመርመር’ በዚያ ቀን ‘ጠዋት በሴቶች ክፍል እንዲገኙ ቀጠሮ ተይዞልዎታል። ሲመጡ ንጽሕናዎን ይጠብቁ።’

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ አሉ። ከዚያ ወዲህ እስከ ፋብሪካው በር ድረስ፣ “እመጫቷ መጣች፣ ገለል በሉላት” እያሉ ያሳልፉት ጀመር። ባሌ ቁጡ አይደለም፤ ግን ሰው የሚያየው ሰው ነው፣ ሱሪው ላይ ጠብታ ዘይት ካለ ገበያ አይወጣም።

ማታ ስልኬ ጮኸ። ቤት ውስጥ ስለሆንኩ በሦስት በአራት ቃል ነው የተነጋገርነው።

“ማህፀን እንዳለኝ ዛሬ ሰማሁ” አለኝ። ተቆረጠ። በሕይወት መኖሩን ሰምቼ መጀመሪያ አምላክን አመሰገንኩ።

ደግሞ ጮኸ። “ለእኔ ያልነገርሽኝን ለማሽን ነገርሽው?” ተቆረጠ።

ከዚያ ረጅም ጊዜ አልደወለም። ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ያንን ጥያቄ ብቻዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሃርናራያን የሰማውን፣ ላካን ያነበበውን፣ ዛፉ እንኳ ያወቀውን ነገር ባሌ ከሁሉ ኋላ ሰማ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ አለቀስኩ።

ሦስተኛ ጊዜ ጮኸ። “አፍረሽ ነው?” አለኝ።

“አፍሬ ነው” አልኩት።

“እኔም አፈርኩ። በሰዎቹ ሳቅ አይደለም፤ እኔ…” ተቆረጠ።

ያንን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልጨረሰልኝም፤ ለማማዎ በድጋሚ አመሰግናለሁ።

ቀጥሎ ለምጽፈው ነገር ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። የቀጠሮው ዋዜማ ላይ ባሌ ከባቡር ወርዶ፣ አቧራውን እንደለበሰ ደጃፌ ቆመ። ዲዋሊ ገና ነበር።

“ምነው መጣህ?” አልኩት።

“ቀጠሮው እኮ የእኔ ነው። ካልቀረብኩ ይሰረዛል” አለ።

በማግስቱ አብረን ሄድን። የሴቶቹ ክፍል አዳራሽ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሴት ሞልቶበታል፤ ወንድ በሩ ላይ ካለው ዘበኛ በቀር የለም። ዘበኛው ባሌን ደረቱን ይዞ ሊመልሰው ነበር፤ የስልኩን መልእክት ሲያሳየው ግራ ገብቶት ለቀቀው። ዝርዝር የያዘችው ልጅ ስሜን ፈለገች፣ አጣችው። “የለሽም፣ ሌላ ቀን በአገልግሎቱ ደውይ” አለችኝ። ደም እያየሁ ነው ብዬ ሹክ አልኳት። “እማማ፣ ዝርዝሩ ላይ የለሽም እኮ ነው የምልሽ፣ እኔ ምን ላድርግ?” አለችኝ። ክፉ ልጅ አልነበረችም፣ ደክሟት ነበር።

ያኔ ነርሷ ብቅ ብላ የባሌን ስም ከነአባቱ ጠራች። እነዚያ ሁሉ ሴቶች ወንድ ፍለጋ ዞሩ። ባሌ ከጥግ ተነሣ። ጆሮው በርበሬ መስሎ ነበር። በገበያ መካከል ስልክ ሲያናግር እንኳ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነው። ሁለት እጆቹን ጎኑ ላይ ለጥፎ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመና፣

“አቤት፣ እኔ ነኝ። ማህፀኔ ግን እሷ ዘንድ ነው” አለ፣ በጣቱ እኔን እያሳየ።

አንዲት ሴት ሳቀች፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፤ ነርሷም ሳቀችና፣ “በሉ ሁለታችሁም ኑ” አለች። እኔ አልሳቅኩም። መሸፈኛዬን እስከ አገጬ ጎትቼ ከሥሩ አለቀስኩ። አፈርኩለት፣ አፈርኩበትም፤ እንዲህ ያለ ሰው ባሌ ሆኖ ሳለ ሕመሜን ለዓመታት ስለደበቅኩት ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ አፈርኩ። የመደቡን ሐፍረት አሸክመውኝ ነበር፤ ይኸኛውን ግን ማንም አላሸከመኝም።

ሐኪሟ ደግ ሴት ናት። ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ መለስኩላት፤ ሰማችኝ። ለጊዜው ውስጥ ደግፎ የሚይዝ የላስቲክ ቀለበት አደረገችልኝ። ቀዶ ሕክምና የግድ ነው፣ ብዙም እንዳይቆይ አለች። የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮስ? በድምፅ አገልግሎቱ።

ከባሌ ጋር ወደ መደቡ ሄድን፤ ከዲዲ ጋር ራሱ ተነጋገረ። ስሙን ጠየቀችው፣ ተናገረ፤ በአንድ ጊዜ ሰማችው። የወንድ ድምፅ ትሰማለች። ሕመሙን ጠየቀችው፣ ተናገረ። ሃርናራያን እዚያው ተቀምጦ ካርታውን አገላብጦ ያይ ነበር። ዲዲም፣ “በመዝገባችን መሠረት እርስዎ ወንድ ነዎት። ይህ ሕክምና እርስዎን አይመለከትም። ጥያቄዎ ውድቅ ሆኗል። ስለደወሉ እናመሰግናለን” አለች።

ክቡር ሆይ፣ ይህን የምጽፍልዎት ስለዚህ ነው። ቀለበቱ ጊዜያዊ ነው፤ ሐኪሟ አይቆይ ብላለች፤ ባሌም ቶሎ ካልተመለሰ ማሽኑን ለሌላ ሰው ይሰጡበታል። ለመመርመር ወንድ ስሆን ተቀበላችሁኝ፤ ለመዳን ወንድ ስሆን መለሳችሁኝ። ሴት ሆኜ ደግሞ መዝገባችሁ ውስጥ የለሁም። የምለምነው ትንሽ ነው፤ መስኮቷን ይክፈቱልን፣ ከመስኮቷ ኋላ ጆሮ ያላት ሴት ያስቀምጡልን፤ እኔንም በራሴ ስም ይጻፉኝ። ለዚህ የሚያስፈልገው መታወቂያ ከፎቶዬ ጋር ከደብዳቤው ጋር ተያይዟል። ፎቶው ላይ አልሳቅኩም።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። በዚህ ሁሉ መካከል ብዙ ሐፍረት ተሰብስቧል። የእኔን እኔ ተሸክሜዋለሁ፤ የባሌን ባሌ በሴቶች አዳራሽ መካከል ቆሞ ተሸክሞታል፤ ሃርናራያን እንኳ የድርሻውን ይዞ ዓይኑን ሰብሮ ይሄዳል። የተረፈ አንድ ትልቅ ሐፍረት ግን ባለቤቱ ሳይታወቅ መደቡ ላይ ተቀምጧል። የጽሕፈት ቤትዎ ንብረት መስሎኛል። መጥተው ሊወስዱት ሲፈልጉ እባክዎ በዛፉ ሥር ይቁሙና የባለቤቱን ስም ጮክ ብለው ይናገሩ። ካልሰማንዎ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ።

ጤናዎን፣ የቤተሰብዎን ጤና፣ በተለይም የባለቤትዎን ጤና፣ አምላክ በዝግ ክፍልና በዝቅተኛ ድምፅ እንዲጠብቅልዎ እየጸለይኩ፣ ከእግርዎ ሥር ካለው አቧራ ዝቅ ብዬ የምሰግድልዎ፣

በመንደሬ፦ የቢንዱ እናት
በእናቴ ቤት፦ ጊሪጃ
በእርስዎ መዝገብ፦ አቶ ማንጋል ፕራሳድ፣ ማህፀናቸው የወረደ

ማስታወሻ፦ ማንጋል ማለት ማክሰኞ ማለት ነው። ሁለቱንም የጻፍኩት ዓይኔን ጨፍኜ ነው፤ ፊደሉ ጠማማ ስለሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ደብዳቤውን ከማተሜ በፊት ለባለ ስሙ አነበብኩለት፤ እሱ ጓዳ ውስጥ የላላውን የአልጋ ገመድ እየወጠረ ነበር። ፊርማው ላይ ስደርስ ሐፍረት ያዘኝና ስሙን ተነፈስኩት እንጂ አልጠራሁትም። ከጓዳ “አቤት” አለኝ። ለዲዲ ይንገሩልኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠራሁት፣ ድምፄንም ከፍ አላደረግኩም።